አቤት ባዮቹ፤ አምስት የኢትዮጵያ ፊልሞች በአንድ ተመልካች ምርጫ

ከኢትዮጵያውያን የፊልም ሠሪዎች ሥራዎች መካከል ደጋግሜ የማያቸውንና ለሌላ ሰው ያለማመንታት የምጠቁማቸውን ስለይ፣ ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ ጉዳይ አገኛለሁ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ የተበደለ ሰው አለ፤ ያም ሰው አቤቱታውን የሚሰማለት ዳኛ ይፈልጋል። «በሕግ አምላክ» የተባለ መንገደኛ እግሩን ተክሎ በሚቆምበት፣ በችሎት ፊት አሳምሮ መሟገት እንደ ትልቅ ጥበብ ሲቆጠር በኖረበት አገር፣ ሲኒማው የፍርድን ነገር ማዕከሉ ቢያደርግ ተገቢ ነው። ከእነዚህ ፊልሞች በአብዛኞቹ ዳኛው አይገኝም፤ ወይም ከበዳዩ ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀርብ ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህም ነገሩን ሰምቶ የመመዘኑ ኃላፊነት በተመልካቹ ላይ ይወድቃል። ይህን ኃላፊነት በቁም ነገር የሰጡኝን አምስቱን እዚህ አቀርባለሁ። የሁለቱ ፈጣሪ ኃይሌ ገሪማ ስለሆነና ክብደታቸውም ከሌሎቹ ስለሚልቅ፣ በእነርሱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ የበቃ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ ሳለ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ አዲሱ መንግሥት ገና እጁን አጥብቆ ባልያዘበት አጭር ጊዜ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ቀረጻውን በሁለት ሳምንት ገደማ አጠናቀቀው። ታሪኩ ለአንድ ባላባት የሚያርስ የጭሰኛ ቤተሰብ ኑሮ ነው። አባት ያርሳል፣ እናት ከጓዳና ከማሳ ሥራ አትላቀቅም፣ ልጆቹ ከብት ይጠብቃሉ፤ ባላባቱ ደግሞ ወንበሩን አስወጥቶ ከተቀመጠበት ሆኖ ይቆጣል፣ ይሳደባል፣ ያዛል። ለረጅም ጊዜ ከዚህ የዘለለ ነገር አይከሰትም፤ ካሜራው የበሬዎቹን አረማመድ፣ የአራሹን ትከሻና የጅራፉን ድምፅ ቸኩሎ ሳያልፍ ይከታተላል። ተመልካቹ ጉልበት ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ በገዛ ትዕግሥቱ ይለካዋል፤ የፊልሙ ርዝመት የሚተችበትን ያህል የሚመሰገንበትም ለዚህ ነው፤ ከቆይታው ላይ ግማሹ ቢቀነስ ኖሮ ስለ ድካም የሚናገር እንጂ ድካምን የሚያሳይ ፊልም ባልሆነ ነበር።

ከሁሉ በላይ በአእምሮዬ የቀረው ትዕይንት የልጅቷ ሕልም ነው። በሕልሟ እናትና አባቷ እንደ በሬ በቀንበር ተጠምደው፣ ባላባቱ ከኋላ ሆኖ በጅራፍ እየነዳቸው ያርሳሉ። ይህ ምስል ስለ ጭሰኝነት ከተጻፉት ብዙ ገጾች ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ምክንያቱም ልጅቷ ማንም ያላስተማራትን እውነት በየቀኑ ከምታየው ነገር ራሷ ገጣጥማ የደረሰችበት ነው። ከእርሷ ጎን የሚቆመው ከበበ ነው። ከበበ መሬቱን የተነጠቀ፣ ድልድይ ሥር የሚያድር፣ ሰዉ እንደ እብድ የሚቆጥረው ሰው ነው፤ ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ ያለውን ሥርዓት አንድ በአንድ ተንትኖ የሚናገረው እርሱ ብቻ ነው። አቤት ብሎ የሚሰማው ያጣው ከበበ በመጨረሻ ፍርዱን በራሱ እጅ ይሰጣል፤ ባላባቱን ይገድላል፣ ራሱንም ያጠፋል። ፊልሙ ይህን ድርጊት እንደ ድል አያከብረውም፤ ሲያዝንለትም የሞራል ትምህርት አይጨምርበትም። የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑ ሲታሰብ፣ ይህ ሥራ የአንድ ሥርዓት የመጨረሻ ቀናት ከውስጥ የተመዘገቡበት ሰነድም ጭምር ነው። በአንዳንድ ቦታ ድምፁ ደካማ ነው፤ የጣሊያኑ የቦሎኛ ሲኒማቴክ (የፊልም ማኅደር) ያደሰው ቅጂ ግን ምስሉን ወደ ቀድሞ ጥራቱ መልሶታል።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ክሱን ወደ ተማረው ሰው ያዞራል። በአሮን አረፈ የተወከለው አንበርብር በጀርመን ሕክምና ተምሮ፣ አብዮቱን ለማገልገል ተመልሶ፣ ሁሉንም ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ እግሩን አጥቶና ትዝታው ተቆራርጦ ጣና ሐይቅ አጠገብ ወደምትገኘው የትውልድ መንደሩ ይገባል። እናቱ ጸበል እንዲጠመቅ ታደርጋለች፤ የመንደሩ ሰው የተማረው ልጅ አንድ ነገር እንዲያደርግለት ይጠብቃል፤ ወጣቶቹ ደግሞ በግዳጅ ለውትድርና እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ይኖራሉ። ትረካው ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለሰው በባለታሪኩ የተጎዳ አእምሮ መጠን ነው። የጀርመን የተማሪዎች ስብሰባ፣ የአዲስ አበባው ሽብር፣ የጓደኛው የተስፋዬ መገደል፣ በምሥራቅ ጀርመን ዘረኞች ያደረሱበት ጥቃት፣ ሁሉም እንደ ትዝታ አመጣጣቸው ተራቸውን ሳይጠብቁ ይመጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው መሐል ላይ ሊደናገር ይችላል፤ እኔ ግን ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ በቀይ ሽብር ዘመን ያለፈ ትውልድ ታሪኩን ለልጆቹ በቅደም ተከተል ሲተርክ ሰምቼ አላውቅምና።

ስለ ያ ዘመን የተሠሩ ሌሎች ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ ገዳይና ሟችን ለይተው አስቀምጠው ያቆማሉ። «ጤዛ» ከዚህ አልፎ፣ ለሕዝብ እንቆማለን ያሉ ምሁራን የሕዝቡን ቋንቋና ኑሮ ምን ያህል ያውቁ ነበር ብሎ ይጠይቃል። መልሱንም በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን በመንደሩ ውስጥ ይፈልገዋል፤ ከሰው በተገለለችው በአዛኑ በኩል፣ በእናቲቱ ዝምታ፣ የጣሊያን ወራሪ ሐውልት ባቆመበት ኮረብታ ላይ በሚጫወቱት ልጆች በኩል። ጥቂት ንግግሮች ከሰዎቹ አፍ ይልቅ ከደራሲው ብዕር የወጡ ይመስላሉ፤ የጀርመኑ ክፍልም ከመንደሩ ክፍል ጋር ሲተያይ ይላላል። እንዲያም ሆኖ በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን (የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል) ታላቅ ሽልማት ማግኘቱ የሚገባው ነበር። ኃይሌ ለዚህ ፊልም ገንዘብ በማፈላለግ ብዙ ዓመታት አሳልፏል። ቀደም ሲል የሠራውን «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልም የሚያከፋፍልለት ኩባንያ ባጣ ጊዜ በአሜሪካ ከተሞች ሲኒማ ቤቶችን እየተከራየ ራሱ እንዳሳየው የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ጽናት ከፊልሞቹ ይዘት እንደማይለይ ይረዳል። በዋሽንግተን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ከቤተሰቡ ጋር ያቋቋመው የመጻሕፍት መደብርና ካፌ እስከ ዛሬ በዚያው በ«ሳንኮፋ» ስም ይጠራል።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» (እ.ኤ.አ. 2014) የፍርድን ጉዳይ በቀጥታ ወደ ችሎት ያመጣል። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድለዋለች። በሜሮን ጌትነት የተወከለችው ጠበቃ መዓዛ፣ ማኅበሯን አደጋ ላይ ጥላ ጉዳዩን ትይዛለች። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በእውነት በተፈጸመ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው፤ ጠበቃዋም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱትና በኋላም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ከሆኑት ከወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ሕይወት የተቀዳች ናት። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ከመውጣቱ በፊት ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከክስ የሚድንበት ድንጋጌ እንደነበረ ማስታወስ ይገባል።

በዚህ ፊልም እጅግ የማከብረው ትዕይንት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የሚማከሩበት ነው። ዳይሬክተሩ እነዚህን ሰዎች ጨካኝ አድርጎ መሣል ቀላል ሆኖ ሳለ፣ በወጉ የሚናገሩ፣ የሟችን ቤተሰብ ሐዘን የሚሰሙ፣ ደም እንዳይፋሰስ ከልባቸው የሚጨነቁ አድርጎ አቅርቧቸዋል። ስለ ሕይወቷ የሚወሰንባት ልጅ ግን በመካከላቸው የለችም፤ በደሉ ያለው እዚያ ላይ መሆኑን ማንም ሳይነግረን እናያለን። የከተማው ክፍል ከዚህ ያነሰ ነው። ጠበቃዋ አንዳች ድክመት የሌላት ሰው ሆና መሣሏና አንዳንድ ንግግሮች ለውጭ ተመልካች ማብራሪያ እንዲሆኑ የተጻፉ መምሰላቸው ይታወቃል። ሂሩትን የምትጫወተው ትዝታ ሐገሬ ግን በጥቂት ቃላትና በፊቷ ብቻ ፊልሙን ከዚህ ድክመት ታወጣዋለች።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (እ.ኤ.አ. 2015) በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም ከአባቱ ተለይቶ፣ ቹኒ የምትባለዋን በጉን ይዞ ዘመዶቹ ጋ ይላካል። አጎቱ ለመስቀል በዓል በጓን ሊያርዳት ያስባል፤ ልጁ ደግሞ ከእናቱ የተማረውን የማብሰል ሙያ ተጠቅሞ፣ ለወንድ ልጅ ነውር ነው እየተባለ፣ ሳምቡሳ ሠርቶ በገበያ ይሸጣል። የተራሮቹ ውበት አንዳንድ ጊዜ ከታሪኩ ላይ ዐይን ይሻማል። የሕፃን ልጅ አቤቱታ የሚሰማው በሌለበት ቤት እንዴት በሥራ እንደሚገለጽ ያሳየ ግን ሌላ የአማርኛ ፊልም አላየሁም፤ ከልጆች ጋር ለማየትም ከአምስቱ የሚመቸው እርሱ ነው።

የመጨረሻው የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» (እ.ኤ.አ. 2021) ነው። ዳይሬክተሯ በሐረር አድጋ በወጣትነቷ ከአገር የወጣች ስትሆን፣ በብዙ ዓመታት ውስጥ እየተመላለሰች የጫትን እርሻ፣ ንግድና ምርቃና በጥቁርና ነጭ ምስል ይዛለች። በአብዛኛው በኦሮምኛ የሚነገረው ይህ ዘጋቢ ፊልም ሥራ ያጡና ባሕር ተሻግሮ መሄድን የሚያልሙ ወጣቶችን፣ ጫት ከቤተሰባቸው ያራቃቸውን አባቶችና አባቱን የሚፈራ ልጅን ይከተላል። እዚህ ችሎትም ሽማግሌም የለም፤ ወጣቶቹ ክሳቸውን የሚነግሩት ለእርስ በርሳቸው ነው። የሱፊዎቹን ትውፊት የሚያነሣው ትረካ አንዳንድ ጊዜ ከሰዎቹ ያርቀናል። ነገር ግን ዳይሬክተሯ ጫትን ለማውገዝም ለማወደስም ሳትቸኩል፣ በሌሊት ነዶ ከሚያስሩት እጆች ጀምሮ እስከ ቃሚው ዝምታ ድረስ የተከተለችበት መንገድ እጅግ ያስከብራታል።

እነዚህን ፊልሞች ገና ላላየ ሰው በ«ድፍረት» እንዲጀምር እመክራለሁ፤ መቶ ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃል፣ ታሪኩም እጅ ይዞ ይመራል። ከዚያ «ላምብ»ን፣ ቀጥሎ «ጤዛ»ን ቢያይ ይመቸዋል። «ፋያ ዳዪ» የምስሉ ጥላና ብርሃን በስልክ ስክሪን ላይ ስለሚጠፋ በትልቅ ስክሪንና በጨለማ ክፍል ቢታይ ይመረጣል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ግን ሳያቋርጡ በአንድ መቀመጫ መጨረስ ያስፈልጋል፤ የሚቻል ከሆነም የጭሰኝነትን ዘመን በዐይናቸው ካዩ አዛውንት ጋር ቢያዩት፣ ከፊልሙ በኋላ የሚነገረው ብቻውን ሌላ ምሽት ይፈጃል።