ሰልባጅ ኦርጂናል ወይስ አዲስ ኮፒ? ጅማ ላይ ስኒከር ለሚገዛ

ዋጋ፦ አዲስ ኮፒ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሰልባጁ ግን በክርክር ይወርዳል፤ ጅማ መርካቶ ላይ ታግሶ የሚዞር ሰው ልዩነቱን ያጠበዋል።

ልክ፦ ኮፒ በቁጥራችሁ ይገኛል። ሰልባጅ ያው የተገኘው ነው። ጠባብ ጫማ «ይለቃል» ብላችሁ አትግዙ።

ጥንካሬ፦ ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ጅማ ዝናቧም ጭቃዋም ብዙ ነውና። ብዙ ኮፒ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተያያዘ ስለሆነ ውሃ ሲደጋገምበት አፉን ይከፍታል። ናይኪ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤር ፎርስ ዋን ግን ሶሉ ዙሪያውን የተሰፋ ነው። ኮፒውን ሊስትሮ ጋ ወስዶ ማሰፋትም ያዋጣል።

ሰልባጅም የራሱ አደጋ አለው። ከፖሊዩሬታን (ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ) የተሠራ ሶል ባይለበስም እንኳ የአየር እርጥበት ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ላዩ ንጹህ ይመስላል፤ ሲረገጥ ይፈረፈራል። ስለዚህ ሶሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት፣ ጫማውን እጠፉት። ከተሰነጠቀ ተዉት፣ በነፃም ቢሆን።

ስታይል፦ ሰልባጅ ውስጥ ሰፈር ውስጥ ማንም ያላደረገው ሞዴል ይገኛል። ኮፒ ደግሞ አሁን ፋሽን የሆነውን ቶሎ ያመጣል። የሰው ዲዛይን ተሰርቆ መሸጡ ግን እኔን በጣም ይከፋኛል።

በየቀኑ በእግሩ ዩኒቨርሲቲ ለሚመላለስ፣ ለመፈለግ ጊዜ ላለው፣ ሰልባጅ ይሻላል። ለነገ ሠርግ አዲስና ነጭ ጫማ በልኩ ለሚፈልግ ኮፒው ይበቃዋል። ክረምቱ እስኪወጣ ግን ለጭቃ አታውሉት።