ለሰሜን ተራሮች ስካውቶች፣ እግዜር ይስጥልኝ

ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ለመሄድ ያሰባችሁ ሁሉ ይህን ጽሁፍ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ረጅም ነው። ታናሽ ወንድሜ ዛሬ በሕይወት ያለው በአንድ የፓርኩ ስካውት ምክንያት ስለሆነ አሳጥሬ መጻፍ አልሆነልኝም። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስማቸውን አልጽፍም። "ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳታወጪው አደራ" ብለውኛል። "እኔ ብቻዬን ምን አደረግሁ? ሁላችንም የምንሠራው ነው" አሉ። ስለዚህ ምስጋናው ለእሳቸውም፣ እዚያ ብርድ ላይ ለሚያድሩት ባልደረቦቻቸው በሙሉም ይድረስ።

ስካውት የሚባለው፣ ላልሄዳችሁ ልንገራችሁ፣ መሣሪያ ይዞ ከእንግዳ ጋር የሚጓዘው የፓርክ ጠባቂ ነው። የፓርኩ መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ከተማ፣ ጽሕፈት ቤቱ ላይ የመግቢያ ስትከፍሉ የስካውትም ትከፍላላችሁ። ያለ ስካውት መግባት አይቻልም። ብዙ ሰው ይህን እንደ አንድ ተጨማሪ ወጪ ነው የሚያየው። "ክላሽ ተሸክሞ ከኋላችን ከመሄድ ሌላ ምን ይሠራል?" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን መራራውን ልናገር። የሄድነው በጥቅምት መጨረሻ፣ ጉዞ በሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት በኩል ነው። ማን እንደሆነ አልጠራም፣ ክስ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ብር ሲቀበሉ ያልገቡልን ቃል የለም። ልምድ ያለው አስጎብኚ አለ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን አለ፣ ኦክስጅን እንኳ አለ ተብለናል። ሣጥኑ በኋላ ሲከፈት ያየሁት ፕላስተርና የራስ ምታት ክኒን ነው። ኦክስጅኑ የት እንዳለ እስከ ዛሬ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ግን መርሐ ግብሩ ነው። አንድ ሌሊት ለመቆጠብ ሲሉ ከጎንደር በሌሊት አስነሥተው፣ ደባርቅ ሳናድር፣ መንገድ ላይ ያለው ሳንካበር ካምፕም ሳናድር፣ ሰውነታችን ከፍታውን ሳይለምድ በአንድ ቀን ግጭ ካምፕ አስገቡን። ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። "እናንተ የአዲስ አበባ ሰዎች ደጋ ለምዳችኋል፣ ምንም አትሆኑም" ነው ያሉን። ጋሼ ደባርቅ ላይ ከእኛ ጋር ሲመደቡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ሳንካበር አያድሩም እንዴ?" የሚል ነበር። አስጎብኚው ሳቀና አለፈው። ያ ሳቅ አሁንም ያቃጥለኛል።

በመንገድ ላይ ጋሼ ብዙ አይናገሩም ነበር። ዓይናቸው ግን ሥራ አይፈታም። ከእኛ ቡድን የነበሩ ልጆች ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መሃል ገብተው ፎቶ ሊነሱ ሲሮጡ፣ ሳይጮሁ ጠርተው መለሷቸው። ልጆቹ ማታ እሳት ለማንደድ የአስታ ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብስበው ሲመጡ ደግሞ ተቀብለው አስቀመጡትና "ይህን ጫካ በእሳቱ ጊዜ ያየ ሰው ክብሪት አይጭርበትም" አሏቸው። የ2011ዱን እሳት ታስታውሳላችሁ አይደል? ከመጋቢት ጀምሮ ጓሳ ሣሩንና አስታውን የበላው፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ አልጠፋ ያለው። ሄሊኮፕተሩ እስኪደርስ ገደል ላይ ተንጠልጥለው በቅጠልና በአፈር ሲታገሉት የነበሩት ስካውቶቹና የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ልጆቹ ቅርንጫፉን ትተው ጃኬታቸውን ደረቡ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ልቤን ነክቶታል። ከግጭ በታች ጓሳ የሚያጭድ አንድ ልጅ አገኘን። የተከለከለ ነው። ጋሼ ማጭዱን ተቀበሉት፣ ስሙን መዘገቡ፣ ጽሕፈት ቤት እንዲቀርብ ነገሩት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ቆይተው "የአጎቴ ልጅ ልጅ ነው" አሉኝ። የእነሱ ሥራ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሕግ የሚያስከብሩት በማያውቁት ሰው ላይ አይደለም፣ ለቅሶና ሠርግ አብረው በሚቀመጡት ጎረቤታቸው ላይ ነው። ግጭ ራሱ መንደር ነበር፣ ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 የወጣው እንዲህ ያለ ነገር ተከፍሎበት ነው። ዋልያ ከዚህ ተራራ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም። ዋልያ ሊገድል የመጣ ሰው መሣሪያ ይዞ ነው የሚመጣው፣ በሌሊት ገደል ለገደል የሚጠብቁት ደግሞ እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ከሰዓት በኋላ ራሱን አመመው። ማታ ምግብ አልቀምስ አለ፣ ከዚያ ማስመለስ ጀመረ። አስጎብኚውን ጠራሁት። "ብርድ መትቶት ነው፣ ዝንጅብል ሻይ ጠጥቶ ይተኛ፣ ሲነጋ እናያለን" ብሎኝ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ሻዩን አጠጣሁት፣ ያንንም መለሰው። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ የምጠይቀውን ነገር በትክክል መመለስ አቃተው። የእናታችንን ስም ጠርቶ "መጣች?" አለኝ። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። እዚያ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ።

ጋሼ አልተኙም ነበር። ድምፄን ሰምተው መጡ። ባትሪያቸውን አብርተው ፊቱን አዩት፣ ከንፈሩን አዩት፣ ከዚያ "ተነሥ እስቲ ጎበዝ፣ እስከ እኔ ድረስ ቀጥ ብለህ ና" አሉት። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ጠጅ እንደጠጣ ሰው ተንገዳገደና ያዙት። ሌላ ምንም አላዩም። ዞር ብለው "እታለም፣ ይህ ልጅ እዚህ አያድርም" አሉኝ።

"እስኪነጋ ብንጠብቅስ?" አልኩ፤ ጨለማውም ገደሉም አስፈርቶኛል።

"አይሆንም። ይህ የከፍታ ህመም ነው፣ መድኃኒቱ ቁልቁለት ነው። አሁኑኑ እንወርዳለን።"

አስጎብኚው ነቅቶ መጥቶ መከራከር ጀመረ። በሌሊት መንቀሳቀስ አይፈቀድም፣ ከወረዳችሁ በራሳችሁ ኃላፊነት ነው፣ ገንዘብም አይመለስም ይላል። ሰው እየሞተ ስለ ገንዘብ! ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "እዚህ ፓርክ ውስጥ ለእንግዳ ሕይወት የምጠየቀው እኔ ነኝ። በቅሎ ይጫን" አሉ። ተጫነ። ክርክሩ አለቀ። ያንን ቃል ሲናገሩ ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ እንዴት እንደወረደ ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የሚወስን ሰው አገኘሁ።

ግጭ ላይ ኔትወርክ የለም። እሳቸው ግን የትኛው ጉብታ ላይ እንደሚገኝ ያውቃሉ። ሮጠው ወጥተው ለባልደረባቸው ደወሉ፣ ባልደረባቸው መኪና እንዲቀሰቅስ። መኪና እስከሚደርስበት መንገድ ድረስ ግን በእግርና በበቅሎ መውረድ ነበረብን።

ስለዚያ መንገድ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ጨለማ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ባለ በቅሎው ከፊት ይመራል፣ ጋሼ ከጎን ወንድሜን በክንዳቸው ደግፈው ይሄዳሉ፣ መሣሪያው ትከሻቸው ላይ እንዳለ። እግራቸው ላይ የነበረው ኮንጎ ጫማ ነው። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጠጠር! እኔ ውድ የተራራ ጫማ አድርጌ እየተንሸራተትኩ ነው። እሳቸው አንዴም አልተሰናከሉም።

የማልረሳው ይህን ነው። ሲነሱ ጋቢያቸውን አውልቀው ወንድሜን ጠቅልለውት ነበር። መሃል መንገድ ላይ ጋቢው ላይ አስመለሰ። ወንድሜ ከልጅነቱ ይሉኝታ የሚያስቸግረው ልጅ ነው፣ ምግብ ቤት ውስጥ የተሳሳተ ምግብ ቢመጣለት ዝም ብሎ የሚበላ። እንደዚያ ራሱን ሳያውቅ እንኳ ማልቀስ ጀመረ፣ "ይቅርታ ጋሼ፣ ጋቢዎን አበላሸሁት" ይላል። ጋሼ በቅሎዋን አስቆሙ። አፉን በገዛ ነጠላ ሻርፓቸው ጠረጉለት። የተበላሸውን ጫፍ ወደ ውጭ አጠፉት፣ ንጹሑን ወደ አንገቱ አዞሩለት። "ጋቢ ይታጠባል ወንድምዓለም። አንተ ብቻ አትተኛብኝ፣ አውራኝ" አሉት። ከዚያ እስከ መኪናው ድረስ አስወሩት። ምን እንደተማረ፣ ማን ወዳጁ እንደሆነ፣ ኳስ ይወድ እንደሆነ። መልሱ ሲዘገይ ክንዱን ጨበጥ አድርገው እንደገና ይጠይቃሉ። የየትኛው ክለብ ደጋፊ እንደሆነ ስንቴ እንደጠየቁት! ያልወለደው፣ ያላሳደገው ሰው ነው፤ አባቴ ቢኖር ከዚህ በላይ አያደርግለትም ነበር።

እየወረድን ስንሄድ ንግግሩ መስተካከል ጀመረ። እውነቴን ነው፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምላችሁ። መኪናው ጋ ስንደርስ ስሜን ጠርቶ ውሃ ጠየቀኝ። ደባርቅ ሆስፒታል ኦክስጅን ሰጡት። ሐኪሙ ስለ አንጎልና ስለ ፈሳሽ ብዙ አስረዳኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ "እስኪነጋ ብትቆዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው" አለኝ።

ድርጅቱ? ስልክ አያነሳም። በኋላ አንድ መልእክት መጣልኝ፣ "መርሐ ግብሩን በራሳችሁ ፈቃድ ስላቋረጣችሁ ተመላሽ ክፍያ የለም" የሚል። ስለ ወንድሜ ጤና አንድ ቃል የለበትም። ተውኩት። ለእግዜር ሰጠሁት።

ጋሼ ግን በማግስቱ ደወሉ። "ልጁ በላ?" አሉ። በላ ስላቸው "ተመስገን" ብለው ስልኩን ሊዘጉ ነበር። ብር ልላክልዎት ብል እምቢ አሉኝ። "ባለ በቅሎውን አትርሺው፣ እሱ የቀን ሥራ ያጣው ነው" አሉ። አልረሳሁትም። አጥብቄ ስጠይቃቸው ግን አንድ ነገር ተናገሩ። "ለእኔ አይደለም፣ ለሁላችንም ቃሬዛ ብናገኝ ጥሩ ነበር። በቅሎ የማይችል ሰው ይገጥመናል፣ በእንጨትና በጋቢ ነው የምንሸከመው። ባትሪ ድንጋይም ያልቅብናል።" አስቡት! ሰውን ከገደል አፋፍ የሚያወርዱ ሰዎች የሚጠይቁት ባትሪ ድንጋይ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ስትሄዱ ደባርቅ እደሩ፣ ሳንካበርም እደሩ፣ አትቸኩሉ፣ "አንድ ሌሊት እንቆጥባለን" የሚላችሁን አትስሙት። ደባርቅ ላይ የሚመደብላችሁን ስካውት ስሙን ጠይቁት፣ ምግባችሁን አካፍሉት፣ ከእናንተ ጋር እሳት ዳር አስቀምጡት። "ይህን አትንካ" ሲላችሁ አትንኩ። "ውረዱ" ካላችሁ ደግሞ አስጎብኚው የፈለገውን ይበል፣ እንደ ጋሼ ያለውን ሰው ስሙት፣ ውረዱ።

እኔና ጓደኞቼ ለአንድ ቃሬዛ የሚሆን እያዋጣን ነው፣ የምንወስደውም ራሳችን ነን፣ በቀጥታ ደባርቅ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት። ብር እንድትልኩልኝ አልጠይቅም። ከእናንተ ውስጥ በዚህ በጋ የሚሄድ ካለ ግን ሻንጣው ውስጥ ጠንካራ የእጅ ባትሪና ትርፍ ባትሪ ድንጋይ ይያዝላቸው። ኮንጎ ተጫምተው ነው የሚሄዱት፣ ወፍራም ካልሲም አትርሱ።