ፍርስራሽ ዘራፊና የኩፖን አጭበርባሪ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሌብነት ደራ።

አንደኛው ዓይን ያወጣ ነው። ለንደን በጨለማ ተውጣለች፤ ቦምብ የመታው ቤት በሩ ተገንጥሏል፤ ባለቤቱ መጠለያ ውስጥ ነው። ዘራፊው ገብቶ ያገኘውን ያፍሳል። ሕጉ እስከ ሞት ያስቀጣ ነበር። ከተከሰሱት መካከል ግን እሳት አጥፊዎችም ነበሩበት፤ ጉድ ነው!

ሁለተኛው ድምፅ የለውም። እ.ኤ.አ. ከጥር 1940 ጀምሮ ቅቤና ስኳር በራሽን፣ ማለትም በኩፖን እየተመጠኑ የሚሸጡ ሆኑ። ባለሱቁ ታዲያ ለሚያውቀው ደንበኛ ከባንኮኒው ሥር ጠቅለል አድርጎ ያቀብላል። ኩፖን ይሰረቃል፣ በሐሰት ይታተማል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ዘራፊውን ሁሉም ይረግመዋል። ከጥቁር ገበያ ግን ጨዋ የተባለውም ይገዛል። ቦምቡ ሲቆም የፍርስራሽ ዝርፊያው ከሰመ፤ ራሽኑ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1954 ዘለቀ።