ባለ ሁለት አፏ ቁራ፦ ከ11 ወር በኋላ

ሻጩ «በሦስት ሳምንት እጅህ ትገባለች» አለኝ። ሦስቱ ሳምንት አለፈ፤ ስድስትም አለፈ። ኢሜይል ብጽፍ መልስ የለም። ያዘዝኩት ሰይፍ ቅርጹ ኮጋራሱ ማሩ ይባላል፤ በጃፓንኛ ኮጋራሱ ትንሽ ቁራ ማለት ነው። ለባለቤቴ «ይቺ ደግሞ ስሟን ተከትላ የቁራ መልእክተኛ ሆና ልትቀር ነው» እያልኩ ስቀልድ፣ በዘጠነኛው ሳምንት አንድ ረጅም ካርቶን በራችን ላይ ተደግፎ አገኘን።

የጃፓኑ ቁራ ከኖኅ ቁራ ይሻላል፤ መልእክቱን አድርሷል። በአፈ ታሪኩ፣ በንጉሠ ነገሥት ካንሙ ዘመን አንድ ትልቅ ቁራ በርሮ ቤተ መንግሥት ገባ። ከኢሴ ቤተ መቅደስ ተልኬ ነው አለ። ከክንፉ ሥር ሰይፍ ጥሎ ሄደ። ሰይፉ ግን ተረት ብቻ አይደለም፣ ዛሬም በጃፓን ንጉሣዊ ስብስብ ውስጥ አለ። የታይራ ጎሣ ቅርስ እንደነበረ ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በ1882 የጹሺማ ደሴት ገዢ የነበረው የሶ ቤተሰብ ለንጉሠ ነገሥት ሜጂ አበረከተው። ስለቱ 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ልዩ የሚያደርገው ጀርባው ነው። ካታና የሚባለውን የጃፓን ሰይፍ ስንል በዓይናችን የሚመጣው ባለ አንድ ስለት ነው፤ ጀርባው ወፍራምና ዱልዱም። ይሄኛው ግን ከጫፉ ጀምሮ እስከ ግማሹ፣ እንዲያውም ከግማሽ በላይ፣ በጀርባውም ተስሏል። በጣም የቆዩት የጃፓን ሰይፎች ቀጥ ያሉ ነበሩ። ጉብጠቱ የመጣው በኋላ፣ በፈረሰኛ ተዋጊዎች ዘመን ነው። ኮጋራሱ ማሩ የሁለቱን ዘመን መንገድ አጣምሮ የያዘ ይመስላል፤ ወደ እጀታው ጎበጥ ብሎ ወደ ጫፉ ቀጥ ይላል። ለዓይን እንደሱ የሚያምር ሰይፍ አላየሁም።

የኔዋ የፋብሪካ ሥራ ናት። 1095 የሚባለው ከፍተኛ ካርቦን ያለው ብረት፣ 380 ዶላር፣ የስለቷ ርዝመት 71 ሴንቲ ሜትር። ከዋናው በ8 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። ገዢ የካታና ርዝመት ስለሚወድ መሰለኝ ያስረዘሟት። መጠነ ቅርጹ ትንሽ ተበላሽቷል። ስለቷ ዳር ላይ የሚታየው ነጭ ማዕበል፣ ጃፓኖች ሃሞን የሚሉት፣ በእውነተኛ ሥራ ብረቱ ጭቃ ተቀብቶ፣ በእሳት ግሎ፣ በውኃ ሲነከር የሚወጣ ነው። የኔዋ ላይ ያለው በአሲድ የተቀባ ጌጥ ነው። በዚህ ዋጋ ሌላ አልጠበቅኩም።

እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ኢያይዶ ስለማመድ ስድስት ዓመቴ ነው። ኢያይዶ በአጭሩ ሰይፍ መምዘዝ፣ መቁረጥና ወደ አፎቱ መመለስ ነው። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። አይደለም።

ሲመለስ እንዲህ ነው። ግራ እጅ የአፎቱን አፍ ይይዛል። የሰይፉ ጀርባ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያርፋል። ከዚያ ጀርባውን እዚያው እያስኬድክ እስከ ጫፉ ትስባለህ፤ ጫፉ አፎቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ሳታይ ነው የሚሠራው። ለስድስት ዓመት በሺህ የሚቆጠር ጊዜ አድርጌዋለሁ። እጄ ከኔ በላይ ያውቀዋል።

ችግሩም እሱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት፣ ጓሮ ውስጥ፣ እጄ የሚያውቀውን አደረገ። ባለ ሁለት አፍ ሰይፍ መያዜን የነገረው የለም። አራት ስፌት። ሰንሰዬ፣ አስተማሪዬ ማለቴ ነው፣ ፋሻውን ሲያይ አልተቆጣኝም፤ «ጀርባው ላይ ምን ነበር?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ክፍል ውስጥ ይዤያት እንዳልመጣ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። እውነቱን ነው። ኢያይዶ ውስጥ ግራ እጅ የሰይፉን ጀርባ ደግፎ የሚወጋበትም እንቅስቃሴ አለ። በዚህች ሰይፍ እሱን መሞከር እብደት ነው።

አፎቱም እንደ እጄ ነው የተጎዳው። ሰይፉ ሲመዘዝም ሲመለስም ጀርባው በእንጨቱ ላይ ይንሸራተታል። ዱልዱም ጀርባ እንጨት አይጎዳም። የኔዋ ግን ትልጋለች። በሦስተኛው ወር አፎቱን ገልብጬ ባራግፈው፣ እርሳስ የተቀረጸበት ያህል ፍርፋሪ ወረደ። የአፎቱ አፍ ሰፍቶ ሰይፏ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

ብዙ ጊዜ ሠሪዎቹን ረገምኩ። በሰባተኛው ወር ነው ነገሩ የበራልኝ። ዋናው ኮጋራሱ ማሩ ካታና አይደለም፣ ታቺ ነው። ታቺ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ከወገብ በማሰሪያ ይንጠለጠላል። ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ መቀነት ውስጥ መሰካት፣ ጀርባውን በእጅ እያስኬዱ መመለስ፣ ይሄ ሁሉ ከዘመናት በኋላ ከካታና ጋር የተለመደ ነው። ማለትም የኔዋ የአንዱ ዘመን ስለት በሌላው ዘመን ልብስ የተሞሸረች ናት። ቅርጹ ጥፋት የለበትም። አፎቱና እጀታው ናቸው ያልተስማሟት።

ከዚያ ወዲህ ልማዴን ቀየርኩ። አፎቱን ከአፉ ዝቅ አድርጌ በሙሉ መዳፌ ጨብጬ፣ ጫፏን እያየሁ፣ ቀስ ብዬ፣ የወጥ ቤት ቢላ ወደ ሽፋኑ እንደሚመለስ አስገባታለሁ። ውበት የለውም። ጣቶቼ ግን አሥር ናቸው።

አሁን ወደ መቁረጡ። ታታሚ የሚባለውን የጃፓን የሣር ምንጣፍ ገጹን ብቻ ገዝቼ፣ ጠቅልዬ፣ አስሬ፣ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት እንጨት ላይ ሰክቼ አቆመዋለሁ። ዋናው አቆራረጥ ከሳ ጊሪ ይባላል። ከሳ የጃፓን መነኮሳት ከአንድ ትከሻ በሰያፍ የሚጥሉት ልብስ ነው። ነጠላ አጣፍቶ የሚያውቅ ሰው መስመሩን ይረዳዋል።

በዚህ አቆራረጥ ትንሿ ቁራ ጥሩ ናት እንጂ ድንቅ አይደለችም። ጫፏ በሁለት በኩል ስለተሳለ ብረቱ ሳስቷል። ፈጣን ናት፣ ክብደቷ ግን አይከተላትም። ተራዋ ካታናዬ አንድ ጥቅል በሰነፍ ምት ታልፈዋለች። ይቺ የእጅ ስህተት አትምርም፤ ማዕዘኑ ትንሽ ከሳተ መሃል ላይ ትቆማለች። ሁለት ጥቅል አንድ ላይ አስሬ ሞክሬ አራቴ አቅቶኛል።

በጀርባ ስለት መቁረጡስ? እኔም የገዛኋት ለሱ ነበር፤ ወደ ታች ቆርጦ፣ አንጓ ሳያዞሩ ወደ ላይ መመለስ። በቪዲዮ ያምራል። እውነታው ግን የጀርባው ስለት ወደ ውስጥ የጎበጠ ነው፣ ምንጣፉ ላይ አይንሸራተትም። ይቧጭራል፣ ይቀድዳል፣ ሦስት ጣት ያህል ገብቶ ይቆማል። ሰይፍ ጭንቅላት ላይ ከፍ ሲል ደግሞ ጀርባው ወደ ራስህ ነው የሚዞረው። ይሄን ያሰብኩት ከገዛኋት በኋላ መሆኑ ያሳፍራል።

መውጋት ላይ ግን ሌላ ሰይፍ ሆነች። የጎበጠ ሰይፍ ሲወጋ ጫፉ ካነጣጠርክበት መስመር ሸሸት ይላል፤ ማረም አለብህ። ይቺ ያየኸው ቦታ ትገባለች። በሁለቱም ጎን መንገዷን እየከፈተች ስለሆነ እርጥቡ ጥቅል ምንም አይዛትም። እጄ ላይ የሚሰማኝ ጨርቅ የበሳሁ ያህል ነው። ስትወጣም አትጣበቅም። የጀርባው ስለት ሥራ ይሄ ይመስለኛል፤ ለመቁረጥ ሳይሆን ለመግቢያና ለመውጫ። ቅርጹ ለምን ብዙ እንዳልተስፋፋም ገባኝ። ለመውጋት ብቻ ብሎ የሰይፉን ዱልዱም ጀርባ የሚተው ተዋጊ ብዙ አይሆንም። ጃፓን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ለማርሻሎቿ ትሰጠው የነበረውን የክብር ሰይፍ በዚህ ቅርጽ አሠራች፤ ለጦር ሜዳ ሳይሆን ለሰልፍ።

እናቴ ይሄን ሁሉ ለመረዳት አንድ ደቂቃ ነው የፈጀባት። ክረምቱን ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋር ነበረች። አንድ ማታ ሳሎን ተቀምጬ ሰይፏን ስቀባ ገባች። «የምን ሻይ ነው የተፈላው?» አለች። ቅርንፉድ ሸቷት ነው። ጃፓኖች ሰይፍ የሚቀቡት ዘይት በልማድ ቅርንፉድ አለበት፤ እኔም ተጠቅሜ ቤቱ ሁሉ ሸቷል። ከዚያ ሰይፏን አየቻት። መነጽሯን አደረገች። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ጀርባ የለውም እንዴ? በየት በኩል ይያዛል? የአባቴ ጎራዴ እንኳ ጀርባ ነበረው።» ሾተል በሁለት በኩል እንደሚሳል ልነግራት ሞከርኩ፤ እንደ ማጭድ የታጠፈው፣ በጋሻ የተከለለውን ሰው ዞሮ እንዲያገኝ የተሠራው። «እሱን የያዘው ሰው ሳሎን ውስጥ አልተቀመጠም» አለችኝ። ምን ይመለሳል?

ጥገናው ላይ ብዙ አልቆይም። የሜሪላንድ በጋ እርጥበቱ ከባድ ነው፣ ይሄ ብረት ደግሞ ዝገት ይወዳል። ሐምሌ ላይ ሁለት ሳምንት ዘነጋኋት፤ የስለቷ ሥር ላይ ሦስት ቡናማ ነጥብ ወጣ። በወር አንዴ የነበረውን ቅባት በየአሥር ቀኑ አደረግኩት። በአራተኛው ወር እጀታው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው በደንቡ አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት፤ የኔዋ ግን ለስላሳ እንጨት ሆና መጥታ ተጨፍልቃለች። ለሻጩ ጻፍኩ። አሁንም መልስ የለም። በ6 ዶላር ጠንካራ ቀርከሃ ገዝቼ ራሴ ቀርጬ ሰካሁት፤ እስካሁን አልተነቃነቀም። ማንኛውም ርካሽ ሰይፍ ከመወዝወዙ በፊት ይቺ ችንካር ትታይ። በርራ የምትወጣ ሰይፍ ጎረቤት አትለይም።

መሳሉ ግን ፈተና ነው። አንዱን ጎን ስታስተካክል ሌላኛው እጅህን ይጠብቃል። ጀርባዋን አንዴ ሞክሬ ተውኩት። አሁን እያወቅኩ እንድትደነዝዝ ለቅቄያታለሁ። አፎቱም ተመስገን ብሏል።

የመጀመሪያ ሰይፍ ልትገዛ ከሆነ ይቺን አትግዛ። ክፍል ውስጥ የምትለማመድ ከሆነም አትግዛ። ቤትህ ሌላ ካታና ካለ፣ ቅርጹ ከወሰደህ፣ ደግሞ አፎት ለብቻው ለማሠራት ገንዘብ ካለህ፣ እሺ። ታቺ ሆና እንድትንጠለጠል አድርገህ አሠራው። እኔም እሱን እያጠራቀምኩ ነው።

ባለፈው ወር የክፍላችን አንድ ልጅ 250 ዶላር ሊሰጠኝ ነበር። እሁድ ለእናቴ ስደውል «ያቺ ጀርባ የሌላት ተሸጠች?» አለችኝ። «አይ እማዬ፣ አለች» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «በል ልጅህ እማይደርስበት ስቀላት» አለችኝ። ከፍ አድርጌ ሰቅያታለሁ።