የጨረቃው ፌልድስፓር እና የጅማው

ጅማ አዌቱ ወንዝ ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ አንስቼ ሰበርኩ። መሃሉ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነገሮች ያብለጨልጫሉ። ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ናቸው። ከላዩ ግን ውሃ ወደ ሸክላ አፈር ስለለወጠው ነጩ ላልቶ በጥፍር ይፋቃል።

የጨረቃው እንዲህ አይላላም። አፖሎ 15 እ.ኤ.አ. በ1971 ያመጣው ‹የዘፍጥረት ድንጋይ› ሩብ ኪሎ ገደማ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፕላጂዮክሌዝ የሚባለው ፌልድስፓር። ዕድሜው ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ቢሆንም ወደ ሸክላ አልተለወጠም። ውሃ የት አግኝቶ!

የጅማውም ፕላጂዮክሌዝ ነው። ሁለቱንም 0.03 ሚሊሜትር እስኪሳሱ ሞርዳችሁ በፖላራይዝድ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚርገበገብ) ብርሃን ማይክሮስኮፕ እዩዋቸው። እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ ሰንበር ይወጣል። መንትያ ክሪስታሎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ የሚፈጠር ነው። እዚህ ላይ ወንድማማች ናቸው።

ልዩነቱ ውስጣቸው ነው። የጨረቃ ከፍታማ ቦታዎች ፌልድስፓር ካልሲየም ይበዛበታል፣ ሶዲየም ግን እምብዛም። የምድሩ ሶዲየምና ፖታሲየምም በደንብ ይይዛል። የጨረቃውን የሚጎዳው የሜትሮይት ምት ነው፤ ክሪስታሉን ይሰነጥቀዋል፣ አንዳንዴም ወደ መስታወት ይለውጠዋል። የእኛን የሚጨርሰው ዝናብ ነው።

ለማይክሮስኮፕ ከሆነ የጨረቃውን እመርጣለሁ፣ ጥርት ያለ ነው። የጅማው ግን ሸክላ ሆኖ ጫማዬ ላይ ተለጥፏል። የሸክላው ቅላት እንኳ ከብረት ነው።