የመርፌዋን አፍ ላስተካከሉልኝ ጋሼ

ለሰው ሱቅ ማስታወቂያ መሥራት አልወድም። የኚህን ሰው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የማስተርስ ጥናቴ ነውጠኛ (እየተናወጠ የሚሄድ) የአየር ፍሰት በጠፍጣፋ ገጽ ላይ የሚፈጥረውን ሰበቃ መለካት ነው። ኢምንት ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ነፋሱ በሰከንድ 20 ሜትር ሲነፍስ እንኳ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ገጽ ላይ የሚያርፈው የሰበቃ ጉተታ የግማሽ ግራም ክብደት ቢያክል ነው።

ደግነቱ ፕሬስተን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ቀላል ዘዴ አለ። ቀጭን ቱቦ ገጹ ላይ ታስተኛለህ፣ አፏን ወደ ነፋሱ ታዞራለህ። ግፊቷን ገጹ ላይ ከተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ግፊት ጋር ታነጻጽራለህ። ከልዩነቱ ሰበቃውን ታሰላለህ። ቱቦዋም ከሲሪንጅ መርፌ ትሠራለች።

መጀመሪያ የሰጠሁት ቤት መርፌዋን በፒንሳ ቆርጦ አስረከበኝ። አፏ ተጨፍልቋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጥሮቼ አልገጥም ብለው አሰቃዩኝ።

ከዚያ አንድ ጓደኛዬ መርካቶ ያሉ የቶርኖ ባለሙያ ጋ ላከኝ። ጋሼ መርፌዋን አይተው፣ «ልጄ፣ ይቺ የምትፈልገው ሐኪም ነው» ብለው ሳቁ። ሳቁ እንጂ አልመለሱኝም። አዲስ መርፌ አምጥተው እንዳትጨፈለቅ ውስጧ ቀጭን ሽቦ ሰደዱ። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፈው፣ መርፌዋን ቀጥ አድርገው ይዘው ቀስ እያሉ አሿት። በየመሃሉ በማጉያ መነጽር ያያሉ። ሽቦውን ሲመዙት አፏ ክብ፣ ጠርዟ ልሙጥ።

ሒሳብ ልከፍል ስል፣ «ሁለት ቀዳዳ ነው የምታነጻጽረው አላልክም? ሌላኛውስ?» አሉኝ። እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። በማግስቱ ጠፍጣፋውን ብረት ተሸክሜ ሄድኩ። ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አንዴ ሳብ አድርገው፣ «ይኸውልህ፣ ጥርስ አለው» አሉ። እኔ በዓይኔ ያላየሁት፣ መሰርሰሪያው ጥሎት የሄደ ሾጣጣ ጠርዝ! አማካሪዬም አላየውም ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

አሁን ዘንበል ያለው ማኖሜትር (የግፊት ልዩነትን በውሃ ከፍታ የሚለካው መሣሪያ) 4 ሚሊ ሜትር ውሃ አካባቢ ረግቶ ይቆማል። በተለያየ ቀን ስለካም እዚያው ነው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። የላብራቶሪ ዕቃ፣ ጥቃቅን ብረት፣ «አይሆንም» የተባላችሁበት ሥራ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን እልካለሁ። የዕቃውን ሥዕል ከነልኬቱ ይዛችሁ ሂዱ፤ በግምት የተሣለ ካዩ ይቆጣሉ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት የመኪና ዕቃ ወረፋ አለ።