የጅማ በርጩማ፦ ሳትገለብጡ አትግዙ

የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ሚስማርም ኮላም አያስፈልገውም፤ መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው ይወጣሉ። ስለዚህ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ጌጡ ሳይሆን፣ ጠራቢው የእንጨቱን ጠባይ መከተሉ ወይም መታገሉ ነው። ገበያ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በወፍራም ቫርኒሽ የሚያብረቀርቀው ላይ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ቫርኒሽ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

መጀመሪያ ገልብጡት። የግንዱ እምብርት (የዕድገት ቀለበቶቹ የሚከቡት መሃል) መቀመጫው መሃል ላይ ካረፈ ከዚያ እስከ ጠርዙ ሊተረተር ይችላል። ምክንያቱም እንጨት ሲደርቅ በክቡ ዙሪያ የሚሸማቀቀው ወደ መሃሉ ከሚሸማቀቀው ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ልዩነቱን የሚያስታግሰው ስንጥቅ ብቻ ነው። አዋቂ ጠራቢ ግንዱን ለሁለት ፈልጦ እምብርቱን ያስወግዳል። ሰጋቱራና ኮላ የተጠቀጠቀበት መስመር ካያችሁ ስንጥቁ ቀድሞ ተጀምሯል ማለት ነው። እግሮቹንም እዩ፦ እንጨቱ የሚሰነጠቅበት መስመር ከላይ እስከ ታች አብሯቸው መውረድ አለበት። መስመሩ እግሩን አግድም ከቆረጠው፣ ያ እግር አንድ ቀን ከሥሩ ይነቀላል።

ዋንዛ ከሆነ ቡናማውን ልብ ምረጡ። ለመሮ ይታዘዛል፣ ብልም ቶሎ አይደፍረውም። ነጣ ያለው ዳር ግን ይበላል፤ ነቀዝ ከበሳው ቀዳዳ ሥር ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካለ ነቀዙ አሁንም ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ሦስት እግር ወጣ ገባ መሬት ላይ አይንገዳገድም። መገልበጥ ግን ይችላል። በሁለት እግሮች መካከል ያለውን ጠርዝ በመዳፋችሁ ተጫኑት፤ ሦስተኛው እግር ከተነሳ እግሮቹ ከመቀመጫው በታች ተሰብስበዋል፣ ጀበና ለማንሳት ጎንበስ ያለን ሰው ይጥላል።

የምታሠሩ ከሆነ ቁመቱንና የመቀመጫውን ስፋት ብቻ ንገሩ። ለቡና ሥነ ሥርዓት ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ቁመት ይበቃል። የቀረውን ለለመደ እጅ ተዉለት። ስድስት ፍጹም አንድ ዓይነት በርጩማ የሚያዝ ደንበኛ ጠራቢውን ጉጥ ባለበት ቦታ እግር እንዲያወጣ ያስገድደዋል፤ ጉጥ ደግሞ መስመሩን ያጣምማል። ትንሽ የሚለያዩ፣ የመሮ ዱካ የቀረባቸው ስድስት በርጩማዎች ይሻላሉ። (በብርጭቆ ወረቀት እንደ መስታወት ማለስለስ ጉልበት ይጨርሳል እንጂ ዕድሜ አይጨምርም።)

ተመሳሳይ መጠን ካላቸው ሁለት በርጩማዎች በግልጽ የሚከብደውና ሲነካ የሚቀዘቅዘው ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል። ከጅማ እርጥበት ወጥቶ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲገባ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከፀሐይና ከከሰል ምድጃ አርቁት። ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡት፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ጥረጉ፣ አድርቁና ድገሙት። እንጨቱ አግድም የተቆረጠበት ፊት ከሌላው የበለጠ ስለሚጠጣ እዚያ ላይ ጨምሩ። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉት፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርጉት።

ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህን አትግዙ። ለእሱ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይሻለዋል።